ለደጋም ለቆላም የተሰጠ ቃል

ከዘመሮ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለአትናቴዎስ፤

ስልክ ለምን እንደማላነሳ በሰው ልከህ ጠይቀኸኛል። ስልኬ ደህና ነው፤ ስምህ ሲመጣም አያለሁ። የማላነሳው በስልክ ያልከውን በማግስቱ «እንዲህ ያለ ቃል አልወጣኝም» ስለምትል ነው። ከእንግዲህ የምትለኝ ካለ ጽፈህ በዘመሮ አውቶቡስ ላክልኝ። ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ፤ የአስተማሪ ጽሕፈት አያቅተኝም።

እኛ ደህና ነን። ገብሱን ውርጭ ነካው እንጂ በጎቹም ደህና ናቸው። እታገኝ ሰላም አላለችህም። «ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» ብላት ነጠላዋን አንስታ ወጣች። የአጎትህ ሚስት ብቻ አይደለችም፤ አባትህ ሲሞት ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችህ ሴት ናት፤ የጠላችህ እንዳይመስልህ። በገበያ በሚወራብህ ነገር ሰው ፊት ስላሳፈርካት ነው።

አምና ማስተማርህን ትተህ መጥተህ «ጋሼ፣ ፓርቲ ልናቋቁም ነው» ስትለኝ ይቅርብህ ብዬህ ነበር። ሶሻሊስት የሚባለውን በደርግ ጊዜ አይተነዋል፤ ከነመፈክሩ ጠግበነዋል። አንተ ግን ይሄ ከውጭ የመጣ አይደለም ብለህ ጓሳን አሳየኸኝ። የአንድ ሰው ያልሆነ የሁላችን የሆነ ሣር፤ አብረን ዓመት ቆጥረን የምንዘጋው፣ አብረን በአንድ ቀን የምንከፍተው፤ ባለጠጋውም ድሃውም እኩል የሚያጭደው። «አባቶቻችን መጽሐፉን ሳያዩ ሶሻሊስት ነበሩ» አልከኝ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። የጓሳ ዳኛ ሆኜ ስኖር ሥራዬን እንዲህ አሳምሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዘመሮ አዳራሽ ከፊት ተቀምጬ መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አገሩም «ወዳጆ ከፈረመማ» ብሎ ተከተለኝ። የመንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ሶሻሊስት ፓርቲ። መግመሶፓ ትሉታላችሁ፤ እኔ ስሙን ስጠራ እስካሁን ምላሴ ይተሳሰራል።

አሁን በገበያ የሚወራው ሌላ ነው። ሮቢት ወርደህ ለቆላ ሰዎች «የፓርቲያችን አባል ሁሉ በጓሳ መብት አለው፤ በበጋ ከብቱን ያወጣል፣ ሣር ያጭዳል» ብለሃል አሉ። ጓሳ አገሩን ያቀኑት አባቶቻችን ዘር ድርሻ ነው። ከዚያ አውጥቶ የሚሰጥ እኔም አይደለሁ፣ ወረዳውም አይደለ፣ አንተማ ጭራሽ። ብለሃል ወይስ አላልክም? በአንድ መስመር መልስልኝ።

አጎትህ ወዳጆ


ከደብረ ብርሃን፣ ጥር 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴና ለትግል አጋሬ ለጋሽ ወዳጆ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎ። ለእትዬ እታገኝ በጉልበቷ ላይ ወድቄ ሰላም እላለሁ። በበዓሉ ያልመጣሁት ንቄ አይደለም። የማዕከላዊ ኮሚቴው ስብሰባ ዋዜማውን ስለዋለብኝ ነው።

በአንድ መስመር መልስ ብለውኛል። ጋሼ፣ ይህ የታሪክ ጥያቄ ነው፤ የታሪክ ጥያቄ ደግሞ በአንድ መስመር አይመለስም። መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርዎ። ከዘመሮ ሌላ ቀየት፣ ዓለም ከተማና ሮቢት ጽሕፈት ቤት ከፍተናል። ጸሐፊያችን ሰርካለም የአባልነት ካርድ መጻፍ እጇን አሳብጦታል። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሥራ አጡ ወጣት ይመጣል። ትልልቆቹ ፓርቲዎች «የበግ እረኞች ማኅበር» እያሉ ይስቁብን ነበር፤ አሁን ስብሰባችን ላይ ሰው እየላኩ ያዳምጡናል። ይህን ሁሉ ያስገኘው የእርስዎ ፊርማ ነው፤ አልክድም።

ሮቢት ላይ የተናገርኩት ስለ መርህ ነው። የተፈጥሮ ሀብት የጋራ መሆን አለበት ብያለሁ። በጉባኤው የነበረው ነጋዴው ጀላሉ «ጓሳንም ይጨምራል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «በመርህ ደረጃ ይጨምራል» አልኩት። ሰው መርህን እንደ ቃል ኪዳን ከወሰደው የእኔ ጥፋት አይመስለኝም። ፊት ለፊት ስንገናኝ በሰፊው አስረዳዎታለሁ።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ከጥምቀት በኋላ ቀየት ላይ ትልቅ ሕዝባዊ ስብሰባ አለን። ነጭ ጋቢዎን ለብሰው መድረክ ላይ ይውጡልኝ። ሁለት ቃል ቢናገሩ ይበቃል። አገሩ የሚሰማው እኔን አይደለም።

አክባሪ ልጅዎ አትናቴዎስ


ከዘመሮ፣ ሰኔ 7 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአትናቴዎስ፤

ጀላሉ ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠይቀሃል። እኔ ደግሞ መልሱን ካንተ ነበር የምጠብቀው።

ቀየት ላይ እንዳልከኝ ጋቢዬን ለብሼ ቆምኩ። «ይህ ልጅ የያዘው የጓሳን ሕግ ነው፤ ተከተሉት» አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ በቅሎዬ ላይ ሆኜ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ያ ፈገግታ ጀላሉ ደጄ ላይ እስኪቆም ድረስ ቆየ።

ከሚስቱ ከሲዲቃ ጋር ነው የመጣው። በርበሬ ይዘውልን መጡ፤ ሥጋ እንደማንበላላ እያወቁ የማያሳፍር ስጦታ መርጠው ነው። እታገኝ ቆሎና ማር አቀረበች። ጨዋ ሰው ነው፤ የእኛን ደህንነት፣ የበጎቹን፣ የዝናቡን ጠይቆ ሳይጨርስ ወደ ነገሩ አልገባም። ከዚያ የፓርቲህን ካርድ ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠና «አባቴ፣ ሊቀ መንበሩ ይህ ካለህ ጓሳ ይከፈትልሃል ብሎኛል። ከብቶቼን መቼ ላውጣ?» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ለጎረቤቶቹ ሁሉ አንተን አምኖ ዋስ ሆኗል፤ ልክ እኔ ለመንዝ ሰው ዋስ እንደሆንኩት። «በመርህ ደረጃ ነው ያለህ» ልለው አልቻልኩም። ታገሠኝ አልኩት። ታገሠኝ ማለት ለአንድ የጓሳ ዳኛ ምን ያህል ውርደት እንደሆነ አንተ አይገባህም።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። በመድኃኔ ዓለም ደጀ ሰላም ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ። ና። ለቆላ ሰዎች የሰጠኸውን ቃል እዚያ በግልጽ ተናገር። ስህተት ነው ካልክ ስህተት ነው በል። ሥርዓቱ ይለወጥ ካልክም ጠይቅ፤ ሽማግሌ የሚጠይቀውን ሰው ይሰማል። ከጀርባው የሚሰጥበትን ግን አይምርም። እኔ የምፈልገው በሁለት እግርህ ቆመህ እንድትናገር ብቻ ነው።

እታገኝ አሁንም ሰላም አላለችህም።

ወዳጆ


ከደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጋሽ ወዳጆ፤

ባለመምጣቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ የኮሮና በሽታው መንገዱን ዘጋው፤ መንገዱ ሲከፈት ምርጫው ተራዘመና የዕቅድ ስብሰባ ሆነ፤ ስብሰባው ሲያልቅ ራሴ ትኩሳት ያዘኝ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ምክንያቱ ግን ሌላ መሆኑን እርስዎም ያውቁታል፤ ስለዚህ ልናገረው።

ደጀ ሰላም ቆሜ «አልሰጠሁም» ብል ቆላው በሙሉ ይሄዳል። «ሰጥቻለሁ» ብል መንዝ ይሄዳል። ድምፅ የማገኘው ሁለቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ነው። ምርጫው እስኪያልፍ ዝም እንበል። ካሸነፍን በኋላ በሕግ እናስተካክለዋለን። ፖለቲካ ማለት ይህ ነው፤ ጊዜ መግዛት።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይቀየሙኝ። የዛሬ ስንት መቶ ዓመት ቀድሞ የደረሰ ሰው የልጅ ልጅ ስለሆንኩ እኔ በጓሳ ድርሻ አለኝ። እኔ በግ የለኝም፤ የምከድነው የሣር ቤት የለኝም፤ ደብረ ብርሃን ቆርቆሮ ሥር ነው የምኖረው። ጀላሉ ግን በበጋ ከብቱ ዓይኑ እያየ ይወድቃል፤ ሣሩን ከሩቅ ያያል እንጂ አይነካም። ይህ ትክክል ነው ይበሉኝ። እርስዎ የሚጠብቁት ሣሩን ነው ወይስ ዘሩን? ሶሻሊስት ነኝ ስል እየቀለድኩ አልነበረም።

ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ። ጀላሉንም እንዲሁ ይበሉልኝ።

አትናቴዎስ


ከዘመሮ፣ ጥር 29 ቀን 2013 ዓ.ም.

የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አለ።

የሽማግሌው የገብረ ክርስቶስ ልጅ ክንዱ ተሰብሯል። የጀላሉ ወንድም ግንባሩን በድንጋይ ተመቷል። የሞተ የለም፤ ይህም የአንተ ብልሃት ሳይሆን የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። መታገሥ የሰለቻቸው የቆላ ሰዎች ጓሳ ላይ ያወጧቸው ከብቶች ግን ሲያዙ በረት ስላልበቃቸው ሜዳ ላይ አደሩ፤ የለመዱት ብርድ አይደለምና ውርጩ ፈጃቸው። ጀላሉ የሞቱትን ላሞቹን እየዞረ በየስማቸው ሲጠራ አየሁት። አንተ ልትሰማው ይገባ ነበር።

እንድታውቀው የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከቆላ የመጡት ካርድህን ከፍ አድርገው ይዘው «መብታችን ነው» ይላሉ። የእኛዎቹ ጎረምሶችም ያንኑ ካርድ ከፍ አድርገው ይዘው «መብታችን ነው» ይላሉ። በሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ ያንተ ነው። በመጨረሻ ተያይተው ሁለቱም ወገን ቀዳደዱት፤ ዱላው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዘመሮው ጽሕፈት ቤትህ ታፔላ ወርዶ የሰው ዶሮ ቤት መዝጊያ ሆኗል።

ጊዜ መግዛት ብለኸኝ ነበር። የገዛኸውን ጊዜ እነሆ ሌላ ሰው ከፈለበት።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነበር። ገብረ ክርስቶስ «ወዳጆ በልጁ ጓሳን ሸጠ፤ ዳኝነቱን ይልቀቅ» አለ። ልጁ ክንዱ የተሰበረ አባት ነውና አልፈረድኩበትም። የተቆረጠው ይህ ነው፤ ጓሳ እስከሚከፈትበት ቀን ድረስ ጊዜ ተሰጥቶኛል። እስከዚያ አንተ መጥተህ ሸንጎ ፊት ከመለስክ የዳኝነቱ ከዘራ በእጄ ይቆያል። ካልመጣህ አስረክቤ እንደማንኛውም ሰው ከኋላ እቆማለሁ። አባቴና አያቴ የያዙት ከዘራ ነው። ከዚህ በላይ የምጽፍልህ ልመና የለኝም።

ወዳጆ


ከደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 16 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለአቶ ወዳጆ፤

«ምርጫው እንዴት ሆነ?» ብለው በአውቶቡሱ ረዳት በኩል መጠየቅዎ ደርሶኛል። እንዴት እንደሆነ ያውቁታል። የቀየት ሰው ለሌላ ሰጠ። የሮቢት ሰው ከነጭራሹ አልወጣም። በተወለድኩበት ቀበሌ ያገኘሁት ድምፅ ለቀልድ እንኳ አይሆንም። እርስዎ ራስዎ መርጠውኝ እንደሆነ አልጠይቅም፤ እውነቱን ስለሚነግሩኝ።

ሰርካለም ማኅተሙን ጠረጴዛ ላይ ትታ ወደ ትልቁ ፓርቲ ገብታለች። የዓለም ከተማው ኮሚቴ በሙሉ ተከተላት። «የሕዝቡን ጥያቄ ከውስጥ ሆነን እንታገላለን» ይላሉ፤ መኪና ተሰጥቷቸዋል።

ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው እኔ ብቻ ነኝ? እርስዎ አድኃሪ ሽማግሌ ነዎት። ይህን ቃል ለማለት ዓመት ሙሉ አፍሬ ነበር፤ አሁን አላፍርም። የኮሚቴ አባላት «አጎትህ ይቅር፣ ሥርዓቱን በግልጽ እንቃወም» ሲሉኝ ለእርስዎ ብዬ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ፓርቲውን የወደዱት ወንበሩ ከፊት እስከሆነ ድረስ ነው። ጭብጨባውን ወደውት ነበር፤ ቀየት ላይ ፊትዎን አይቻለሁ። እኩልነቱ ጓሳ በር ላይ ሲደርስ ግን ዘር መቁጠር ጀመሩ።

ሸንጎ ፊት አልመጣም። የሣር ሽማግሌ ለአንድ የፓርቲ ሊቀ መንበር ዳኛ ሊሆን አይችልም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይበሉኝ፤ ግድ የለኝም።

አትናቴዎስ


ከደብረ ብርሃን፣ ጥር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ከዚያ ክፉ ደብዳቤ ወዲህ የላክኋቸው ሁለቱ ሳይመለሱልኝ ቀሩ። አይፈረድብዎትም። ጦርነቱ መጥቶ ሲሄድ ቤታችሁ መትረፉን ከሰው ሰማሁ። እትዬ እታገኝ ጉልበቷን ታማለች አሉኝ፤ እውነት ነው? ማንም አይነግረኝም።

እኔ ደህና ነኝ ማለት አልችልም፤ ታምሜያለሁም አልልም። ቢሮውን ለቅቄ ማኅተሙንና ባንዲራውን የተከራየሁት ክፍል ውስጥ አድርጌያለሁ። ማታ ማታ የቤት ለቤት ጥናት አስጠናለሁ። ሰው «ሊቀ መንበር» ብሎ ሲጠራኝ ሊያሾፍ መሆኑን ለይቻለሁ።

የምጽፈው ለልመና ነው። ፓርቲው ጠቅላላ ጉባኤ ካላካሄደ ከመዝገብ ይሰረዛል። ጉባኤውን ዘመሮ አዳራሽ፣ ቅዳሜ የካቲት 18 ቀን ጠርቼዋለሁ። ታዛቢዎች ይመጣሉ፤ ምልዓተ ጉባኤ ይቆጥራሉ። ሰው ካልተገኘ በቃ፣ አለቀ። እርስዎ ሰው ቢጠሩልኝ ይመጣል። ለእኔ ብለው ሳይሆን፣ መጀመሪያ ለፈረሙበት ነገር ብለው። ይህ ከሞተ ከሕይወቴ ምን እንደሚተርፈኝ አላውቅም።

ከጉባኤው በኋላ ጊዜ ከተረፈኝ ሽማግሌዎቹም ዘንድ ብቅ እላለሁ።

ልጅዎ አትናቴዎስ


ከዘመሮ፣ የካቲት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለአትናቴዎስ፤

ሰው ሁሉ የት ሄዶ ነው አዳራሹ ውስጥ ከታዛቢዎቹና ከዘበኛው ጋር ብቻዬን የዋልኩት ብለህ ጠይቀሃል። ጓሳ ነበርን። ጓሳ የተከፈተው በዚያው ቅዳሜ ነው።

አጋጣሚ ነው ብዬ ልሸነግልህ እችል ነበር። አይደለም። የመክፈቻውን ቀን የሚቆርጠው ዳኛው ነው፤ እኔም የቆረጥኩት ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ነው። «ጊዜ ከተረፈኝ ብቅ እላለሁ» የምትለው ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። ከዘራዬ፣ የጀላሉ ላሞች፣ የገብረ ክርስቶስ ልጅ ክንድ፣ ከጉባኤ የሚተርፍ ጊዜ ሆንን። ስለዚህ አገሩን በሙሉ ከአዳራሽህ ነጥቄ ጓሳ ላይ አዋልኩት። ፓርቲህን የቀበርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳትወቅስ።

ግን ሌላም ሐሳብ ነበረኝ። አዳራሹ ባዶ ሲሆንበት የት እንዳለን ጠይቆ ይመጣል ብዬ ነበር። ለአንተ ፈረስ ዘመሮ አስቆይቼልህ ነበር፤ ዘበኛው ነግሮሃል፤ «ታዛቢዎቹ እስኪፈርሙ ልጠብቅ» አልከው አሉ። ሰው ማጭዱን ይዞ ሲሯሯጥ እኔ እስከ ተሲያት መንገድ መንገዱን አየሁ። ባትመጣ ሆዴ ቆረጠ፤ ይህንንም እወቀው።

ሰው አጭዶ ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ገብረ ክርስቶስ አንድ ጊዜ ብቻ «ልጁ መጥቷል?» ብሎ ጠየቀ። አልመጣም አልኩ። ከዘራውን ከማስረከቤ በፊት ግን አንድ የመጨረሻ ፍርድ አቀረብኩ። ዳዊት «ዘይምሕል ለቢጹ ወኢይሔሱ» ይላል፤ ለባልንጀራው ምሎ የማያብል ማለት ነው። አትናቴዎስ ከዘራችን ነው፤ በአባቱ በኩል በጓሳ ድርሻ አለው። የሰው ሊሰጥ አይችልም፤ የራሱን ግን ይችላል። ስለዚህ ቃሉ ከራሱ ድርሻ ይከፈል፤ የአትናቴዎስ የአጨዳ ቦታ ለጀላሉና ለልጆቹ ይሁን አልኩ። ከብት ሳይወጣ፣ ሣር ብቻ፣ ጓሳ በተከፈተ ቁጥር እንደማንኛችንም እኩል። ይህ በእኛ ዘንድ ተደርጎ አያውቅም። ሲከራከሩ አመሹ። አንድ ሁለቱ ተቆጥተው ተነሱ። በመጨረሻ «ይሁን» ያለው ማን ይመስልሃል? ገብረ ክርስቶስ ነው። ከዘራውንም የሰጠሁት ለእሱ ነው፤ አላለቀስኩም።

ዘር ትቆጥራለህ ብለኸኝ ነበር። ያ ደብዳቤህ ቆጥቁጦኝ ኖሯል፤ እውነት ስላለበት። እንግዲህ አንድ ከዘር ውጭ የሆነ ሰው በጓሳ ገብቷል፤ በእሱ ቦታ አንተ ወጥተሃል። አንተም ልጅህም ከእንግዲህ ወዲያ እዚያ የምታጭዱት የለም።

ከቀናት በኋላ ጀላሉን አስጠርተነው ከሲዲቃ ጋር መጥቶ ነበር። ቦታውን ሳሳየው ማጭዱን አላነሳም። «አባቴ፣ አትናቴዎስ ወዶ ነው የሰጠኝ ወይስ ተፈርዶበት?» አለኝ። «ወዶ ነው። ራሱ ጽፎልኛል» አልኩት። ጾም ይዤ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰው መሐል ዋሸሁ፤ ከሽማግሌዎቹም አንድ አፉን የከፈተ የለም። ጀላሉ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገልህ። ሲዲቃ አለቀሰች። «እኔ ይህን ልጅ ዋሽቶኛል ብዬ ስረግመው ነው የኖርኩት» አለ ጀላሉ። እታገኝ ይህን ስነግራት ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ጉልበቷ እውነት ታሟል፤ ይሻላታል።

ሦስት ዓመት ና፣ ና ስልህ ኖርኩ። አሁን ግን እባክህ አትምጣ። ብትመጣ ጀላሉ ያመሰግንሃል፤ አንተም እንደ ልማድህ «እንዲህ ያለ ቃል አልወጣኝም» ትለዋለህ።

አጎትህ ወዳጆ